ሳይኮመጥጥ የሚረጋው ወተት

ፓስቸራይዝ ያደረግነው (ጀርሙ እንዲሞት ያሞቅነው) ወተት ፍሪጅ ውስጥ እያለ በ5ኛው ቀን ይረጋ ጀመር። የሚገርመው አለመኮምጠጡ ነው። ትኩስ ሻይ ላይ ሲፈስ ግን ብጥስጥስ ይላል።

መጀመሪያ ማሞቂያውን ጠረጠርን። 72 ዲግሪ፣ 15 ሰከንድ፤ ምንም አልጎደለም። ያኔ ስፖር ትዝ አለኝ። አንዳንድ ባክቴሪያ ክፉ ቀን ሲመጣ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይተኛል፤ ይህ ሙቀት አይገድለውም።

ስፖሩ ብቻ እንዲተርፍ፣ የወተቱን ናሙና በቱቦ አድርጌ 80 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆየሁና ወዲያው በበረዶ አቀዘቀዝኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደቂቃው የሚቆጠረው ወተቱ ራሱ 80 ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሌላ ቱቦ ላይ ወተት ሞልታችሁ ቴርሞሜትር ክተቱበት።

ከዚያ የእንቁላል አስኳልና ማኒቶል የሚባል የስኳር ዓይነት ያለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄሊ) ላይ ዘርቼ 30 ዲግሪ ላይ አሳደርኩት። በማግስቱ ሮዝ ኮሎኒዎች (የባክቴሪያ ክምችቶች) በቅለዋል፤ ዙሪያቸውን ነጭ ደመና ከቧቸዋል። ማኒቶሉን አብላልተው ወደ አሲድ ቢለውጡት ኖሮ ቢጫ ይሆኑ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳየው ግራም ፖዘቲቭ (በግራም ማቅለሚያ ሐምራዊ የሚሆን) ዘንግ መሳይ ባክቴሪያ፣ ውስጡ ስፖር። ወተትን ሳያኮመጥጥ የሚያረጋው የባሲለስ ሴሬየስ ቡድን ነው።

ምንጩን ለማግኘት ከየቧንቧው መገጣጠሚያ ናሙና ወሰድኩ። የባክቴሪያው ቁጥር በአንዴ የጨመረው ከመሙያ ማሽኑ በፊት ነው። የተሰነጠቀ የጎማ ጋስኬት (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ውስጥ የወተት ዝቃጭ ተጋግሯል! ጋስኬቶቹን በሙሉ ቀየርን። መስመሩን በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ፣ ቀጥሎ በአሲድ አጠብን። ማቀዝቀዣውንም ከ4 ዲግሪ በታች አወረድን፤ የዚህ ቡድን አንዳንድ ዝርያዎች በ7 ዲግሪም ያድጋሉና።

አሁን ወተቱ በ5ኛው ቀን ሻይ ላይ አይበጣጠስም።