ፉድ ስታምፕ ሲቆረጥባችሁ፦ ሂሪንግ ኦፊሰሩ ምን ማድረግ ይችላል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ስላደግን ነው መሰለኝ፣ አሜሪካ ገብተን ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጠው ድጎማ) ተቋረጠ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ብዙዎቻችን አጥፈን መሳቢያ ውስጥ እንከተዋለን። እዚህ ግን ንጉሡ ይከሰሳል። በ1970 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የድጎማ ገንዘብ ከመቋረጡ በፊት ተቀባዩ ሊሰማ ይገባል ብሎ ወስኗል። ለፉድ ስታምፕ የሚሰሙበት መድረክ «ፌር ሂሪንግ» ይባላል። ጉዳዩን የሚያየው ደግሞ ሂሪንግ ኦፊሰሩ ነው።

ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ቀኑን እዩ። ቅነሳው ሥራ ላይ ከሚውልበት ቀን በፊት ሂሪንግ ከጠየቃችሁና ፉድ ስታምፑ የተፈቀደላችሁ ጊዜ ካላለቀ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ የድሮው መጠን ይቀጥላል። ከተሸነፋችሁ ግን የበላችሁትን መልሱ ትባላላችሁ። ያ ቀን ቢያልፍም በ90 ቀን ውስጥ መጠየቅ ይቻላል።

ሂሪንግ ኦፊሰሩ ለስቴቱ ይሠራል፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ በፋይላችሁ ላይ የወሰነ ሰው ሊሆን አይችልም። ቃለ መሐላ ያስምላል፣ ሁለቱንም ወገን ይጠይቃል፣ የጎደለ ማስረጃ እንዲመጣ ያዛል። በአንዳንድ ስቴት ራሱ ይወስናል፤ በሌላው የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ ሌላ ኃላፊ ያጸድቀዋል።

ሕግ መለወጥ ግን አይችልም። በ2025 በወጣው ሕግ ብዙ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከፉድ ስታምፕ ወጥተዋል። የተቆረጠባችሁ በዚህ ከሆነ፣ ቢያዝንላችሁም እጁ የታሰረ ነው። ግሪን ካርድ ወጥቶላችሁ የፉድ ስታምፕ ቢሮው ሳይመዘግበው ቀርቶ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ካርዱን ታሳያላችሁ፣ ይስተካከላል።

ስለዚህ ልመናውን ተዉት። «ልጆቼን አስቡልኝ» ማለት ምንም አይጎዳም፣ ምንም አይጠቅምም። ኦቨርታይም የሠራችሁበትን ወር ይዘው ገቢያችሁን ከፍ አድርገው አስልተው ከሆነ፣ የሚያዋጣው ሰዓታችሁ ከተቀነሰ ወዲህ ያለው የደመወዝ ወረቀት ነው። ከሂሪንጉ ቀን በፊት ፋይላችሁን የማየት መብት አላችሁ። እዩት። ቢሮው የያዘው ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ሂሪንጉ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው፣ ይቀዳልም። አስተርጓሚ በነጻ አለ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ቃል ከተዛባ እዚያው «ቆይ፣ እንደዚያ አላልኩም» በሉ። ወደ ፍርድ ቤት ብትሄዱ የሚታየው ያ ቅጂ ነው። የቢሮው ተወካይ ተናግሮ ሲጨርስ መጠየቅም ትችላላችሁ፤ «ይህን የደመወዝ ወረቀት መቼ ተቀበላችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። ጠበቃ ግዴታ አይደለም፤ ጓደኛ ወይም ከነጻ የሕግ አገልግሎት የመጣ ሰው ሊቆምላችሁ ይችላል።

ውሳኔው ከጠየቃችሁበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ በደብዳቤ መምጣት አለበት። በቀጠሮው ቀን ሽፍት ካላችሁ ቀድማችሁ ደውሉና አስቀይሩ። አንድ ጊዜ እስከ 30 ቀን ማዘዋወር መብታችሁ ነው። ዝም ብሎ የቀረ ሰው ግን ፋይሉ ይዘጋበታል።