ሚኒባሱ ሲሞቅ አልነሳም ያለበት ምክንያት

አራት ቀን ስለፈጀብኝ ሌላ ሰው እንዳይደክም ልጻፈው። መኪናው ሃይኤስ ሚኒባስ ነው። ጠዋት ደህና ይነሳል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ቁልፉን ስጠመዝዝ አንዴ «ቀጭ» ይልና ዝም፣ የዳሽቦርዱ መብራትም ድብዝዝ ይላል። ግማሽ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል።

መጀመሪያ ባትሪ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ተፈትቶ ካርቦኑ (ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው፣ በመፈተግ የሚያልቀው ክፍል) ተቀየረ፣ ሁለት ቀን ሠርቶ ያው ሆነ።

በመጨረሻ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ያዝኩና ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ወንድሜ ቁልፉን ጠመዘዘ። 3.4 አነበበ! ይህ መንገድ ላይ የሚባክነው ቮልት ነው፣ ከግማሽ ቮልት ማለፍ አልነበረበትም። ሞተሩ ላይ የነበረውን ጫፍ ወደ ቦዲው ሳዞረው 0.1 ብቻ። ስለዚህ ችግሩ ከቦዲው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ (ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው) ነው። ብሎኑን ስፈታው ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት፣ ገመዱም ግማሹ ተበጥሷል። ሁለቱንም ቦታ ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ አዲስ ወፍራም ገመድ አሰርኩ፣ ላዩን ቫዝሊን ቀባሁት። አሁን ሲለካ 0.15 ነው፣ ሞቆም ቀዝቅዞም በአንዴ ይነሳል።

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን ለኩ፣ አምስት ደቂቃ አትፈጅም።