አይፕታዚያን በቢላዋ አትፋቁት
በአዳማ በቤታችሁ የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ ያላችሁ ሁሉ፣ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ቀጫጭን ክንዶቹን የዘረጋ፣ ቡናማ አበባ የሚመስል ፍጡር ካያችሁ አይፕታዚያ የተባለው ተባይ ሊሆን ስለሚችል አደራችሁን በቢላዋ አትፋቁት፤ የቀረችው ቁራጭ ራሷን ችላ ታድጋለችና። እኔ አንዱን ከፋቅሁት በኋላ በዙሪያው ብዙ ትንንሾች በቅለው አግኝቻለሁ። ይልቁንም ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ ከጉሊት የምትገዙትን ሎሚ ጨምቃችሁና አጥልላችሁ፣ 1 ሚሊ ሊትር ያህሉን በሲሪንጅ ወደ አካሉ ውጉት። ገና ሲነካ ወደ ስንጥቁ ስለሚሸሸግ እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉ። ጭማቂው አሲድ በመሆኑ፣ በተለይ በትንሽ ገንዳ ውስጥ የውኃውን ፒኤች እንዳያወርድ (ማለትም ውኃውን ይበልጥ አሲዳማ እንዳያደርግ) በቀን ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ አትውጉ። አዲስ ድንጋይም ከማስገባታችሁ በፊት በባትሪ አገላብጣችሁ እዩት።