ጣና ዳር ለሚሠራ ፕሮግራም፦ ዳታቤዙን አብሮት አስቀምጠው

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ ለሚረከብ ነጋዴ ፕሮግራም ስሠራ መጀመሪያ ያሰብኩት ሰርቨር ነበር። ግን ጠዋት ጀልባና ታንኳው ሲደርስ ሰው ሚዛኑ ጋ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው፣ ኔትወርክ እስኪመለስ ማንም አይቆምልህም። ስለዚህ ዳታው እዛው ላፕቶፑ ላይ መኖር አለበት።

ለዚህ የምወደው ላይትዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ ነው። ነፃ ነው፣ ለዶትኔት (የማይክሮሶፍት ፕሮግራም መሥሪያ) የተሠራ ነው፣ ሰርቨር መጫን አይፈልግም፣ ዳታው በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ከኑጌት (የዶትኔት ፓኬጆች ማውረጃ) አውርደህ ፕሮግራሙ ሲነሳ ፋይሉን አንዴ ትከፍታለህ፣ ሲያበቃ ትዘጋለህ። ፋይሉን ፕሮግራሙ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ እንዳታደርገው፣ ዊንዶውስ መጻፍ ሊከለክልህ ይችላል። የተጠቃሚው አፕዳታ (ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች ዳታ የሚያዘጋጀው ፎልደር) ውስጥ ይሁን።

አንዱ አስጋሪ ቆሮሶ ብቻ ያመጣል። ሌላው አምባዛም አለው፣ በዚያ ላይ ለመረብ መግዣ ብድር ወስዶ ከየርክክቡ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥበታል። እዚህ ላይ ነው እንደ ላይትዲቢ ያለ ኖኤስኪውኤል (ቋሚ ሠንጠረዥ የማይጠይቅ ዳታቤዝ) የሚመቸው፦ አንድ ርክክብ ልክ እንደ ደብተር ገጽ አንድ ዶክመንት ይሆናል፣ ዓሣው ከነኪሎው እዛው ውስጥ ይዘረዘራል። ብሩን በዴሲማል (ሳንቲሙን ሳያዛባ በሚይዝ የቁጥር ዓይነት) ያዝ። ቀኑንም «ሰኔ 12» ብለህ በጽሑፍ አታስቀምጥ፣ በቀን ዓይነት አስቀምጠህ ስታሳይ ወደኛ አቆጣጠር ቀይረው፣ አለዚያ ቅደም ተከተሉ ይበላሻል።

ብዙ ያለፋኝ የስም ፍለጋ ነው። የጠዋቷ ልጅ «ኃይሉ» ብላ ትጽፋለች፣ የከሰዓቱ ልጅ «ሀይሉ» ይላል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። የአንድ አባት ሒሳብ እንዲህ ለሁለት ተከፍሎ ብድሩ አንዱ ላይ፣ የከፈሉት ሌላው ላይ ተገኘ፤ እሳቸው ከፍያለሁ ሲሉ እኛ የለም አልናቸው። በጣም ነው ያሳዘነኝ። ስለዚህ ከማስቀመጥህ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ትንሽ ፈንክሽን ጻፍ፣ ሰባቱንም ቤት፤ ሀና ሃ፣ አና ኣም አንድ ይሁኑ። ውጤቱን ለብቻው ፊልድ ውስጥ አድርገህ ኢንዴክሱን (ፍለጋውን የሚያፈጥነውን ማውጫ) እሱ ላይ ፍጠር። ሰው የሚያየው ስም እንደተጻፈ ይቆይ። የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ፈንክሽን አሳልፈው።

ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ላይ ተጠንቀቅ። የላይትዲቢ ስሪት 5 መጀመሪያ የሚጽፈው ጎኑ በሚፈጠር ሎግ ፋይል ላይ ነው። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ድንገት ቢጠፋ፣ መልሰህ ስትከፍተው ተጽፎ ያለቀውን ከሎጉ ያነሳልሃል። ግን ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ዋናውን ፋይል ብቻ ፍላሽ ላይ ከገለበጥክ የቅርቡ ላይኖርበት ይችላል። እኔ ደርሶብኛል፣ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስንከፍተው የከሰዓቱ ርክክብ በሙሉ የለም። አሁን አንድ ቁልፍ ሠርቻለሁ፦ ዳታቤዙን ይዘጋል፣ ያኔ ሎጉ ወደ ዋናው ፋይል ይገባል፣ ከዚያ ገልብጦ መልሶ ይከፍታል። ማታ ሚዛኑ ታጥቦ ሲያበቃ ሒሳብ ያዧ እሱን ተጭና ፍላሹን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።