የሼል ኤንድ ቲዩብ ሂት ኤክስቼንጀር ቀሪ ዕድሜ እንዴት ይለካል፣ እንዴትስ ይራዘማል?

በሼል ኤንድ ቲዩብ ሂት ኤክስቼንጀር ውስጥ አንዱ ፈሳሽ በብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ ቱቦዎቹን በያዘው በርሜል መሰል ሼል ውስጥ ይፈሳል። ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ሙቀት ይቀባበላሉ። «ስንት ዓመት ያገለግላል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው የትኛው ክፍል እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ሼሉ ከ20 እስከ 30 ዓመት፣ በደንብ ከተያዘም ከዚያ በላይ ይቆያል። በማቀዝቀዣ ውሃ ላይ የሚሠሩ የካርቦን ስቲል ቱቦዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣሉ። ለሥራው በትክክል የተመረጠ ስቴንለስ ስቲል 15 እና 20 ዓመት ይደርሳል፤ በባሕር ውሃ ላይ የሚሠራ ቲታኒየም ደግሞ 30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

የሼሉና የቱቦው ዕድሜ ልዩነት የመጣው ከውፍረት ነው። የሼሉ ብረት ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ለዝገት ተብሎ የተጨመረ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ትርፍ አለው። የቱቦው ግድግዳ ሙቀት በቀላሉ እንዲያሳልፍ ሲባል 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ እሱም ከውስጥም ከውጭም ይበላል። ስለዚህ የዕቃው ዕድሜ በተግባር ከሁሉም ይበልጥ የሳሳው ቱቦ ዕድሜ ነው።

1. መነሻውን ይያዙ

ከአምራቹ የመረጃ ወረቀት ላይ የቱቦውን ብረት ዓይነት፣ የውጭ ዲያሜትር፣ አዲስ ሳለ የነበረውን ውፍረት፣ የቱቦዎቹን ብዛትና የተፈቀደውን ከፍተኛ ግፊት ይመዝግቡ። በብዛት የሚገኙት 19.05 እና 25.4 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ናቸው። ቱቦዎቹ ጫፋቸው የተሰካበት ወፍራም ሳህን ቲዩብ ሺት ይባላል፤ ቀዳዳዎቹን በረድፍና በቁጥር የሚያሳይ ሥዕል ያዘጋጁና እስካሁን ያፈሰሱትን ቱቦዎች በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው። ይህ ሥዕል በኋላ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ይናገራል፤ ፍሳሹ በአንድ አካባቢ ከተሰበሰበ ምክንያቱም እዚያው አለ።

2. አጽድተው ይለኩ

ከመክፈትዎ በፊት በሁለቱም ወገን ግፊቱ መውጣቱን፣ ፈሳሹ መፍሰሱንና መስመሮቹ በብላይንድ (ድፍን የብረት መዝጊያ) መዘጋታቸውን ያረጋግጡ። ቱቦዎቹ በከፍተኛ ግፊት ውሃ ታጥበው እስከ ብረቱ ድረስ መጽዳት አለባቸው፤ ደለል የተወበት ቱቦ የሚሰጠው ልኬት አይታመንም።

የመለኪያው ዓይነት እንደ ብረቱ ይለያል። ለናስ፣ ለቲታኒየምና ማግኔት ለማይስበው ስቴንለስ ኤዲ ከረንት (በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት አስነስቶ ጉዳቱን የሚለይ መሣሪያ) ተስማሚና ፈጣን ነው። ካርቦን ስቲል ማግኔታዊ ስለሆነ ተራው ኤዲ ከረንት አይሠራለትም፤ ሪሞት ፊልድ የሚባለውን ዓይነት ወይም ቱቦው ውሃ ተሞልቶ ውስጡ በሚሽከረከር አልትራሳውንድ የሚለካበትን አይሪስ ይጠቀሙ። አይሪስ ዘገምተኛ ቢሆንም የቀረውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይሰጣል።

ሁሉንም ቱቦ መለካት ካልተቻለ ናሙናውን በዘፈቀደ አይውሰዱ። የሼሉ መግቢያ ፊት ለፊት ያሉትን ረድፎች፣ ደለል የሚቀመጥባቸውን የታችኞቹን፣ የዳር ረድፎችንና ቀድሞ ከተዘጉት ጎን ያሉትን ያስቀድሙ።

3. ቀሪውን ዓመት ያስሉ

ከተለካው ውፍረት ላይ ግፊቱን ለመቋቋም የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ውፍረት ይቀንሱ፤ የቀረውን በዓመታዊው የመበላት መጠን ያካፍሉ። ለምሳሌ ቱቦው አዲስ ሳለ 2.11 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። ከ4 ዓመት በኋላ የሳሳው ቱቦ 1.71 ከሆነ በዓመት 0.10 ሚሊ ሜትር እያጣ ነው። ዝቅተኛው 1.20 ተብሎ ከተወሰነ የቀረው 0.51 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 5 ዓመት ገደማ ነው። የግፊት ዕቃዎች ፍተሻ ደንብ የሆነው ኤፒአይ 510 የውስጥ ፍተሻው ከቀሪው ዕድሜ ግማሽ ወይም ከ10 ዓመት፣ ካነሰው እንዳያልፍ ያዛል። ይህን ደንብ ለቱቦዎቹ ጥቅልም ከተከተሉ በ2 ዓመት ተኩል ውስጥ እንደገና ይከፍቱታል።

ሁለት ስህተቶች እዚህ ይደጋገማሉ። አንዱ አማካይ ውፍረትን መውሰድ ነው፤ የሚያፈሰው አማካዩ ቱቦ ሳይሆን ከሁሉ የሳሳው ነው። ሌላው የሥራው ሁኔታ ከተለወጠ በኋላ የድሮውን የመበላት መጠን ይዞ መቀጠል ነው። የውሃው ምንጭ ወይም ማከሚያ ኬሚካሉ ባለፈው ዓመት ከተቀየረ፣ ያለፉትን ሁለት ልኬቶች ልዩነት ለብቻው አስልተው የሚከፋውን ይያዙ።

4. የሚበላውን ነገር ይለዩ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተለወጠ ቱቦ በዚያው ዕድሜ ዳግም ይበሳል።

መሳሳቱ ከቱቦው አፍ ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ውሃው ሲገባ እየተሽከረከረ አሸዋና አረፋ ይዞ እየቆረጠው ነው። ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ወይም አፉ ላይ ፌሩል የሚባለውን አጭር መከላከያ ያስገቡ።

ብረቱ ከደለል ሥር ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ ጥፋቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃው በጣም ዝግ ብሏል። የማቀዝቀዣ ውሃ በቱቦ ውስጥ በሰከንድ ከ1 ሜትር በታች ሲሄድ ደለሉ መቀመጥ ይጀምራል። ብዙ ቦታ ይህን የሚያመጣው የኦፕሬተሩ ደግነት ነው፦ የሚቀዘቅዘው ፈሳሽ ከሚገባው በላይ እንዳይቀዘቅዝ ብሎ የውሃውን ቫልቭ ያንቃል። ያኔ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ግድግዳው ይግላል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ ውሃ ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚረጋ የኖራ ቅርፊት ይጋገራል። ውሃውን ከማነቅ ይልቅ ከሚቀዘቅዘው ፈሳሽ ከፊሉን በባይፓስ፣ ማለትም ወደ ዕቃው ሳይገባ በጎን በሚያልፍ መስመር፣ ማሳለፍ ይሻላል። ሞቆ የሚወጣው ውሃም ከ50 ዲግሪ ሴልሲየስ ባያልፍ ይመረጣል።

ቱቦዎቹን የሚደግፉት ሳህኖች፣ ባፍሎቹ፣ በሚገኙበት ቦታ ላይ ቀለበት የመሰለ መፋተግ ከታየ ንዝረት አለ። የሂት ኤክስቼንጀር አምራቾች ማኅበር የሆነው የቴማ ደረጃ 19.05 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ያለ ድጋፍ ከ1.52 ሜትር በላይ እንዳይዘረጋ ይከለክላል፤ ርቀቱ ከዚህ ቢያንስም የሼሉ ፍሰት ከዲዛይኑ በላይ ከተጨመረ ንዝረት ሊነሳ ይችላል።

ስቴንለስ የራሱ ጠባይ አለው። ክሎራይድ (በጨው ውስጥ የሚገኝ) ያለበት ውሃና ከ60 ዲግሪ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲገናኙ ሳይሳሳ ይሰነጠቃል። ደረጃ 3 ላይ ያለው ስሌት ይህን አያስጠነቅቅም። ናስም አሞኒያ ሲነካው በተመሳሳይ መንገድ ይሰነጠቃል።

5. ፍሳሹን ይፈልጉና ይዝጉ

ሼሉን በውሃ ሞልተው በግፊት ይያዙና የቱቦዎቹን አፍ ይመልከቱ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (አስሜ) ደንብ የሚጠይቀው የፍተሻ ግፊት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 1.3 እጥፍ ነው፤ የሙቀት ማስተካከያ ይጨመርበታል። ለስቴንለስ ክሎራይዱ ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) በታች የሆነ ውሃ ይጠቀሙ፤ ሲያበቃም ሳይዘገዩ አፍስሰው ያድርቁ። የፍተሻ ውሃ ውስጡ ቀርቶበት ሥራ ሳይጀምር የተበሳ አዲስ ዕቃ ብርቅ አይደለም።

የሚያፈሰውን ቱቦ በሁለቱም ጫፍ ይድፈኑት፤ ከመድፈንዎ በፊት ግን ግድግዳውን ይብሱት። ካልተበሳ ውስጡ የታሰረው ፈሳሽ ሲሞቅ ተስፋፍቶ ወይም ተንኖ መድፈኛውን እንደ ጥይት ሊያስወነጭፈው ይችላል። ግፊት ባለበት ጊዜ ማንም ከመድፈኛው ፊት አይቁም።

ከአንድ ዙር ቱቦዎች (ፈሳሹ በአንድ አቅጣጫ አብሮ ከሚያልፍባቸው) 10 በመቶው ሲደፈን ፍሰቱ ካልተቀነሰ የቀሩት ውስጥ ፍጥነቱ 11 በመቶ፣ የግፊት ኪሳራው ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ብዙ ሰው 10 በመቶን እንደ መቁረጫ ይወስደዋል።

6. ሲዘጉና ሲያስነሱ

ጋስኬት (የመጋጠሚያ ማሸጊያው) ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ቡሎኖቹን በተቃራኒ ጎን እያፈራረቁ በመጀመሪያ ከሙሉው ጥብቀት 30 በመቶ፣ ቀጥሎ 70፣ ከዚያ 100 በመቶ ያጥብቁ፤ በመጨረሻ በዙሪያው አንድ ዙር ይድገሙ። ሲያስነሱ ቀዝቃዛውን ፈሳሽ ያስቀድሙ፣ ሞቃቱን ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ሲያቆሙ ሞቃቱን አስቀድመው ይዝጉ። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ቱቦው ከሼሉ ቀድሞ ይረዝምና ከቲዩብ ሺቱ ጋር ያለው መጋጠሚያ ይላላል።

በየሳምንቱ አራቱን ሙቀቶች (የሁለቱን ፈሳሾች የመግቢያና የመውጫ)፣ የሁለቱንም ወገን ፍሰትና የግፊት ኪሳራ ይመዝግቡ። ፍሰቱ ሳይለወጥ የግፊት ኪሳራው ከጨመረና የሚቀዘቅዘው ፈሳሽ ሞቆ መውጣት ከጀመረ፣ ቅርፊቱ ሳይደርቅ ለማጽዳት ጊዜው ነው። ዕቃው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነም ውሃ ተኝቶበት አይቆይ፤ አድርቀው በናይትሮጅን ይሙሉት።

7. ቱቦ መለወጥ ወይስ ሙሉውን?

ሼሉና ቲዩብ ሺቱ ጤነኛ ከሆኑ ቱቦዎቹን ብቻ መለወጥ ይበቃል። የቲዩብ ሺቱ ቀዳዳዎች ከሰፉ ወይም በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ብረት ከተሰነጠቀ ሙሉው የቱቦ ጥቅል መቀየር አለበት። በካርቦን ስቲል ምትክ ስቴንለስ ለማስገባት ሲታሰብ ዲዛይኑ ዳግም ይሰላ፤ 304 የሚባለው ስቴንለስ ሲሞቅ ከካርቦን ስቲል 40 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይረዝማል። ሁለቱም ቲዩብ ሺቶች ከሼሉ ጋር በተበየዱበት ዕቃ ላይ ያ ተጨማሪ ርዝመት መሄጃ የለውም፤ ቱቦውን ያጎብጠዋል፣ ወይም ከመጋጠሚያው ይነቅለዋል።