የጀልባ ሞተር ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ መሪው ሲጠጥር

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ አሮጌ የጀልባ ሞተር ያላችሁ፣ ከታች ዘይት ካንጠባጠበ ቶሎ ሞተሩን አታስፈቱ። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን (ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረውን) አውልቁና ዘንጉን እዩ። የመረብ ክር ተጠምጥሞ ዘይት የሚያግደውን ጎማ በልቶት ሊሆን ይችላል። እኔ ያወጣሁት አንድ እፍኝ ክር ነው! ቀጥሎ የታችኛውን የካምቢዮ ዘይት ቡሎን ትንሽ አላሉት። የሚወጣው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ሳይጠገን አትንዱት። አንዳንዴ ጥፋቱ የቡሎኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ብቻ ነው፣ ርካሽ ነገር።

መሪው ከጠጠረ በጉልበት አትታገሉት። ኬብል ካለው ፍቱትና ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ከቀለለ ችግሩ ኬብሉ ነው። ካልቀለለ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ግራ ቀኝ የሚዞርበት መዞሪያ ላይ ግራሶ ደርቋል፤ አሮጌው ተገፍቶ እስኪወጣ ውሃ የማያጥበው አዲስ ግራሶ እየሰጣችሁ ግራ ቀኝ አዙሩት።