የጥፍር ፈንገስ በኪኒን አልለቅ ሲል፦ ችግር፣ ምክንያትና መፍትሄ

የእግር ጥፍር ፈንገስ በአብዛኛው የሚመጣው ትራይኮፋይተን ሩብረም ከተባለው ደርማቶፋይት (ቆዳን፣ ፀጉርንና ጥፍርን የሚያጠቃ የፈንገስ ዓይነት) በመሆኑ፣ የተለመደው ሕክምና በቀን 250 ሚሊግራም ተርቢናፊን የተባለውን የፈንገስ ኪኒን ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት፣ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት መውሰድ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ይህ ሕክምና ላልሠራላቸው ወይም ጥፍራቸው ከጅምሩ የተለየ መልክ ለያዘባቸው ሰዎች ነው፤ እነዚህ ሰዎች ፈንገሱ በላቦራቶሪ ሳይለይ ሁለተኛ ዙር ኪኒን መጀመር እንደሌለባቸው አጥብቄ አምናለሁ።

ችግር፦ 12 ሳምንቱ አልቋል፤ ጥፍሩ ግን አሁንም ቢጫና ወፍራም ነው።

ይህ ሁልጊዜ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። የእግር አውራ ጣት ጥፍር በወር 1.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል፤ መድኃኒቱም ኪኒኑ ካለቀ በኋላ ለወራት በጥፍሩ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ መታየት ያለበት የጥፍሩ ጫፍ ሳይሆን ሥሩ ነው፤ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር እየበቀለ ከሆነ መጠበቅ ይበቃል። ካልበቀለ ግን በሽታው በእርግጥ ፈንገስ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ሶሪያሲስ የተባለው የቆዳ በሽታና ጠባብ ጫማ የሚያደርሰው ተደጋጋሚ ጉዳት ተመሳሳይ መልክ አላቸውና። በጥፍሩ ውስጥ ወፍራም ቢጫ መስመር ከታየ ደግሞ የተከማቸው ፈንገስ መድኃኒት ስለማይደርሰው፣ ያ ክፍል በባለሙያ ተቆርጦ መነሳት ይኖርበታል።

ችግር፦ የታመመው አንድ ጥፍር ብቻ ነው፤ በጣቶች መካከል ፈንገስ የለም፤ የጥፍሩ ዙሪያ ቀልቷል፣ አብጧል።

እዚህ ላይ ስኮፑላሪዮፕሲስ፣ ፉዛሪየም ወይም አስፐርጊለስ የተባሉት ሻጋታዎች ይጠረጠራሉ። ሻጋታዎቹ በአፈርና በአየር ውስጥ ስለሚገኙ አንድ ጊዜ በካልቸር (ናሙናን በላቦራቶሪ በማብቀል በሚደረግ ምርመራ) መብቀላቸው ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ በማይክሮስኮፕ መታየትና በተለያየ ጊዜ ከተወሰደ ናሙና ያው ሻጋታ ደግሞ መብቀል አለበት። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ፣ ለደርማቶፋይት የሚዘጋጀው ማብቀያ ሳይክሎሄክሲማይድ የተባለ ኬሚካል የሚጨመርበት ከሆነ ብዙዎቹን ሻጋታዎች የሚያፍን መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሙ ጥርጣሬውን በምርመራ ወረቀቱ ላይ ቢጽፍ ውጤቱ ይለያያል። አስፐርጊለስ ለተርቢናፊንም ሆነ ኢትራኮናዞል ለተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት በአብዛኛው ጥሩ ምላሽ ይሰጣል። ስኮፑላሪዮፕሲስና ፉዛሪየም ግን በኪኒን ብቻ ስለሚያስቸግሩ፣ የታመመውን ጥፍር 40 በመቶ ዩሪያ ባለው ቅባት አለስልሶ ማንሳትና የሚቀባ መድኃኒት ማከል ያስፈልጋል። በኬሞቴራፒ ምክንያት ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ጥፍር ላይ ፉዛሪየም ከተገኘ ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል ሕክምናው ለነገ አይባልም።

ችግር፦ የእጅ ጥፍር ዙሪያ አብጦ ያማል፤ እጁም ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ነው።

በልብስና በዕቃ እጥበት ወይም በሊጥ ሥራ ላይ በሚውሉ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ካንዲዳ የተባለው እርሾ ከተረጋገጠ ግሪሲዮፉልቪን የተባለው የፈንገስ ኪኒን ምንም አይጠቅምም፣ ተርቢናፊንም ደካማ ነው፤ ኢትራኮናዞል ወይም ፍሉኮናዞል ይመረጣል። ሆኖም እጁ ካልደረቀ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም።

ችግር፦ ነጭነቱ የጀመረው ከጥፍሩ ጫፍ ሳይሆን ከሥሩ ነው።

ይህ መልክ የመከላከል አቅም መዳከም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው።

ችግር፦ መድኃኒቱ ትክክል ነው፤ ለውጥ ግን የለም።

የኢትራኮናዞል እንክብል ከምግብ ጋር መወሰድ ያለበት ሲሆን፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ የኢትራኮናዞልንም የተርቢናፊንንም መጠን ያወርዳል። ኢትራኮናዞል የልብ ድካም ላለበት ሰው ለጥፍር ፈንገስ አይሰጥም፣ ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ጋርም አይወሰድም። ተርቢናፊን ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ ሽንት ከጠቆረ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ኪኒኑን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የኬቶኮናዞል ኪኒን ግን በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይሰጥ ያሳሰበበት በመሆኑ፣ ርካሽ ነው ተብሎ ቢቀርብ እንኳ መቀበል አይገባም።